ሙላቴ የሠራት የጭድ ላም

የሚሰጥን ማታለል ይቻላል፤ የሚራብን ማታለል ግን አይቻልም። ሰጪ እጁ ሊዘረጋ የተዘጋጀ ነውና ጥቂት ምክንያት ይበቃዋል፤ የራብ ዳኛ ግን ሆድ ነው፣ ሆድም በነገር አይረታም። ይህን እውነት አሥሮ የያዘ አንድ ምሳሌ በአገራችን ይነገራል። በየሸንጎው የሚጠቅሱት ብዙዎች ናቸው፤ ከማን ደጅ እንደ ወጣ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። የወጣው ከሙላቴ ደጅ ነው።

ሙላቴ ከሸንበቆ ውሃ ማዶ ባለች መንደር የሚኖር ገበሬ ነበር። መሬቱ መልካም፣ በሬዎቹም ብርቱዎች ነበሩ፤ በመንደሩ የሚታወቀው ግን በጭድ ክምሩ ነው። ክምሩ ከቤቱ ይበልጥ ነበር። በበጋ ሣር ሲጠፋ የሰው ሁሉ ዐይን ወደዚያ ያያል፤ ሙላቴም እየዞረ ይጎበኘዋል እንጂ አይነካውም። ጭዱን የሚያኖረው ለከብቶቹ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ከብቶቹ ግን ይህን ወሬ የሰሙ አይመስሉም ነበር።

ጎረቤቱ ውድነሽ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሀብቷ አንዲት ላም ብቻ ነበረች፤ የሚጠብቅላት ሰው ስለ ሌላትም ላሟን ለሙላቴ በርቢ ሰጠችው። የርቢ ውል በዚያ አገር የታወቀ ነው፦ ተቀባዩ ላሚቱን ይመግባል፣ ወተቷን ይጠጣል፤ የመጀመሪያው ጥጃ የባለቤቲቱ ነው፤ ነገር ግን ጡት እስኪተው ድረስ ከተቀባዩ እጅ አይወጣም። ላሚቱ ሴት ጥጃ ወለደች። ውድነሽም እልል አለች፤ ይህች ጥጃ አድጋ ስትወልድ ከሰው ደጅ ቅል ይዞ መቆም ይቀርልኛል ብላ ነበርና።

ሙላቴ ግን አራሷን ላም ጭድ አላቀመሳትም። «የገደሉ ሣር ገና አልተበላም» ብሎ ወደ አፋፉ ነዳት። ላሚቱም ከገደሉ ከንፈር የተንጠለጠለች አንዲት ጉንጉን ሣር ለመንጨት አንገቷን ስትዘረጋ እግሯ ከዳት፤ ወደቀችና ሞተች።

በርቢ ሕግ የሞተች ላም ቆዳዋ ለባለቤቲቱ ይመለሳል፤ የሞቷ ምስክር ቆዳው ነው። ውድነሽ ቆዳውን ልትቀበል መጣች። ጥጃዋ ከበረት ውስጥ እናቷን እየጠራች ስትጮህ በሰማች ጊዜ ግን የመጣችበትን ረሳች።

«አያ ሙላቴ፣ የላሚቱንስ እግዜር ያመጣው ነው አልሁ። ይህችን ምን እናድርጋት?»

«ምን ትሆናለች? እኔ እያለሁ!»

«አንተማ አለህ፤ ግን አትታለብም። የጎረቤታችን የይመኑ ላም ጥጃዋ ሞቶባት የለም? በሞቴ፣ ሄደህ ለምንልኝ።»

ሙላቴ እያጉረመረመ ወደ ይመኑ ቤት ሄደ። ይመኑ ላሙን ያልብ ነበር። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ትከለክላለችና፣ እንደ አገሩ ልማድ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፎ፣ ጭድ ሞልቶ፣ ሰፍቶ፣ ጨውም ነስንሶ ከፊቷ አቁሞታል። ላሚቱ ያንን እየላሰች ዐይኗን ጨፈን ታደርጋለች፤ ወተቱም አረፋ እየደፈቀ የማለቢያውን ግሬራ ይሞላል።

ይመኑ ጉዳዩን እንደ ሰማ ነገር አላበዛም። «አምጣት። ይህን ቆዳ ጭዱን አራግፌ ለጥጃይቱ አለብሳታለሁ፤ ላሜም የገዛ ልጇ መስላት ትቀበላታለች። ሁለቱን ጡት ለእርሷ እተዋለሁ፤ ሁለቱ ለልጆቼ ይበቃል።»

«ይስጥልኝ! ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው» አለ ሙላቴ።

«ታዲያ ሰውም ጥጃም የምታጠባ ላም መብላት አለባት። የእኔ ጭድ አልቋል። ከክምርህ በየገበያው ቀን አንድ ሸክም ብቻ ታመጣልኛለህ።»

የሙላቴ ፊት ጠቆረ። «ጭድ? ለሰው ላም?»

«ለውድነሽ ጥጃ ነዋ!»

«ጥጃ ጭድ አትበላ! እስቲ ልምከርበት» ብሎ ተነሣ።

ማንን ሊያማክር እንደ ሆነ አልታወቀም። መንገዱን ሁሉ ግን ያ የጭድ ጥጃ ከዐይኑ አልጠፋም። ሙላቴ ራሱን እንደ ሊቅ የሚቈጥር ሰው ነውና ቤቱ ሳይደርስ ነገሩን ፈታው። ላም በጭድ ጥጃ ከተታለለች ጥጃ በጭድ ላም ስለ ምን አትታለልም? ቀንድ ያበቀለች፣ ብዙ ክረምት ያየች እንስሳ በቆዳና በጨው ከተሞኘች፣ ትናንት የተወለደች ጥጃ ምን ዕውቀት አላትና? እንዲህ ያለ ሐሳብ ከእርሱ በፊት ለማንም እንዳልመጣ ዐሰበ፤ በዚህስ አልተሳሳተም።

ውድነሽን «ቆዳውን ተዪልኝ፤ ለጥጃሽ እናት ላበጅላት ነው» ብሎ አግባባት። ከዚያም እንጨት ቈርጦ አራት እግር አቆመ፤ ቆዳውን በላዩ ወጥሮ ሰፋ፤ በግቱ ፈንታ ትንሽ ስልቻ አንጠልጥሎ ጫፏን በሳ፤ ዱቄት በጥብጦ ያነጣውንም ውሃ ሞላባት። ንፉግ ሰው ድካም አይፈራም፤ የሚፈራው መስጠትን ብቻ ነው። በመጨረሻም ክምሩን ከፍቶ ጭድ ያጎርሳት ጀመር። አንድ ሸክም አልበቃትም፤ ሁለተኛ ጨመረ፤ ሦስተኛም ጨመረ።

ሚስቱ አትጠገብ ከደጁ ቆማ ታይ ነበር። «አንት ሰውዬ፣ ይህች ላም በሕይወቷ ሳለች ያልቀመሰችውን ጭድ ሞታ ልትጠግበው ነው?»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ጥበብ ነው።»

«ይመኑ ከለመነህ ሸክም ይህ አይበልጥም?»

«ይህ ከቤቴ አልወጣም!» አለ ሙላቴ፤ በዚህም መልስ ረታኋት ብሎ ደስ አለው።

ጥጃዋ ከበረት ስትወጣ የእናቷ ሽታ አወዳት። ሮጣ ቆዳውን ላሰች፤ ስልቻዋንም አግኝታ ጠባች። ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ተደነቀ፤ ውድነሽ እንባዋን ጠርጋ «ተባረክ» አለችው። ይመኑ ብቻ ከስልቻዋ የተንጠባጠበውን በጣቱ ነክቶ ቀመሰ።

«ሙላቴ፣ ይህ እኮ ውሃ ነው።»

«ነጭ ነው» አለ ሙላቴ።

«ነጭማ ነው። ጋቢዬም ነጭ ነው፤ ልጥባው እንዴ?»

ሰው ሳቀ፤ ሙላቴ ግን «ቅናት ነው» ብሎ አለፈው።

ጥጃ ወተት ሲያንሳት ግቱን በግንባሯ ትጎሽማለች፤ ይህን ማንም አያስተምራትም። የውድነሽ ጥጃም ጎሸመች፤ ውሃ መጣ። ደግማ ጎሸመች፤ ስፌቱ ተተረተረና ጭድ መጣ። ሙላቴ ስፌቱን ጠቀመ። ጥጃዋ መክሳት በጀመረች ጊዜም ምክንያቱን ሊመረምር ተነሣ፤ የጭድ ላሚቱ ጎን ጎድጎድ ብሎ አየና «ለካስ እናቲቱ ከስታ ነው!» ብሎ ሌላ ሸክም ጨመረላት። ከዚያ ወዲያ ጥጃዋ በከሳች ቍጥር እናቲቱን ያወፍራታል። የኋላ ኋላ በመንደሩ እንደ እርሷ የደላት ላም ጠፋች፤ ሆዷ ተነፍቶ፣ ጎኗ ሞልቶ ከሩቅ ሲያዩአት መንገደኞች «ይህች የማን ጥገት ናት?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ከሥሯ አጥንቷ ተቈጥሮ የቆመችውን ጥጃ ግን የጠየቀ አልነበረም።

ውድነሽ ዳግመኛ መጣች። «አያ ሙላቴ፣ ስለ ወላዲተ አምላክ! ጥጃዬን ስጠኝና ወደ ይመኑ ልውሰዳት። ጭዱን ከየትም ለምኜ አመጣለሁ፤ ያንተን አልነካም።»

ሙላቴ ጥጃዋን አየ። በዚያች ሰዓት አጥንቷን አላየም አይባልም፤ አይቷል። ነገር ግን ሰው ሁሉ ካደነቀው በኋላ ለይመኑ መሳቂያ መሆን ከጥጃዋ ሞት ይልቅ ከበደው። «አሁንማ ለምዳለች፤ ከእናቷ ብንለያት ታዝናለች» ብሎ ውድነሽን ሸኛት።

ጥጃዋ ግን የምትለምንበት አፍ የላትምና ከተተረተረው ስፌት የሚወጣውን ጭድ ታኝክ ጀመር። ጭድ የሚያላምጥ ጥርስ፣ ጭድ የሚፈጭ ሆድ ገና አልነበራትም። አንድ ማለዳ አትጠገብ በረቱን ስትከፍት ጥጃዋን ከጭድ ላሚቱ እግር ሥር ተዘርግታ አገኘቻት፤ አፏ ጭዱን እንደ ያዘ ቀርቷል። እናቲቱ ከበላይዋ ጠግባ ቆማለች።

ውድነሽ ጮኸች፤ መንደሩ ተሰበሰበ። ሽማግሌው አባ ወልደ ሐና ሊዳኙ መጡና ሌላ ቦታ ሳይመርጡ እዚያው ከጭድ ላሚቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ሙላቴ ጋቢውን አደግድጎ ቆመ። «አባቴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ይመኑ ላሙን በጭድ ጥጃ ቢያልብ ብልህ ተባለ። እኔ ጥጃይቱን በጭድ ላም ባሳድግ ስለ ምን እከሰሳለሁ? ነገሩ አንድ አይደለም ወይ?»

«አንድ ከሆነ ይታያል» አሉ አባ ወልደ ሐና። «የይመኑ ላም ስትታለል ምን ወጣ?»

«ወተት።»

«ከማን?»

«ከላሚቱ ነዋ፣ አባቴ።»

«ካንተይቱስ ላም ምን ወጣ?»

ሙላቴ ወደ ጭድ ላሚቱ ዘወር አለ። አትጠገብ ከሰው ኋላ ሆና «ጭድ!» ብላ መለሰችለት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ውድነሽ ግን የጥጃዋን አንገት በጉልበቷ ላይ አስተኝታ ተቀምጣ ነበር፤ ሽማግሌው እርሷን አዩና እጃቸውን አንሥተው ሳቁን ገቱት።

ፍርዱም ይህ ነበር። ሙላቴ ለራሱ ያሳደጋትን ጊደር ለውድነሽ ይስጥ፤ ጊደሪቱም ወልዳ እስክትታለብ ድረስ ቀለቧን ከክምሩ እያወጣ፣ በአህያ ሳይጭን፣ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ውድነሽ ደጅ ያድርስ። የሟቿም ላም ቆዳ ተፈትቶ ለባለቤቲቱ ይመለስ።

«ጊደሬንም ጭዴንም?» አለ ሙላቴ። «ኧረ አባቴ፣ እኔ እኮ ዐስቤ ነው ያደረግሁት!»

እንደ ፍርዱ ቆዳው ሊፈታ ስፌቱ በተተረተረ ጊዜ የፈሰሰው ጭድ የይመኑን ላም ክረምት እስኪገባ የሚቀልብ ነበር፤ ከነፋሱም ጋር ተነሥቶ በሽማግሌው ላይ ዘነበ። አባ ወልደ ሐናም ከጋቢያቸው ላይ ጭዱን እያራገፉ ተነሡና እንዲህ አሉ፦ «በጭድ ጥጃ ላም ይታለባል፤ በጭድ ላም ጥጃ ይቀበራል።»