አንድ ሊትር ቤንዚንና አንድ የቀረ ቃል

ተረት ተረት። ጋራዥ ሙሉ ቅናት።

እንጦጦ አናት ላይ አንዲት ጋራዥ። በጋራዧ አንዲት ቀይ የእሽቅድምድም መኪና። በመኪናዋ ሆድ ሁለት ሞተር፦ አንዱ ቤንዚን ጠጪ፣ ሌላው በባትሪ የሚዞር ዝምተኛ። ሃይብሪድ ይሏታል። ሁለቱን ያጋባቻቸው መሐንዲሷ ምንትዋብ ናት። ፍላጎቷ ትንሽ ነበር። መኪናዋ በአንድ ሊትር ቤንዚን ሽሮ ሜዳ ትውረድ፣ ዳገቱን ትውጣ፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ ጋራዥ ትግባ። ፈጣንም ቆጣቢም ትሁን። ሌላ ምንም።

ሁለት ቀን ተሞከረ። ሁለቱንም ቀን መኪናዋ ስትመለስ ዳገቱ መሃል፣ የባሕር ዛፉ ኩርባ ላይ ቤንዚኗን ጨርሳ ቆመች፤ ተገፍታ ገባች። የጋራዡ ባለቤት ወይዘሮ የሺመቤት፣ ዛሬ ከሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ ይሞከር፣ እንቢ ካለች ዝምተኛው ከነባትሪው ይነቀል አሉ። የሚነቀለው ምንትዋብ ሦስት ዓመት የደከመችበት ነው።

ምንትዋብ ወደ መኪናዋ ሄደች። ለምን አትወጪም? መኪናዋ፣ እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ፣ ቤንዚኑን ግማሽ መንገድ ላይ የሚጨርሰው ሞተር ነው አለች።

ወደ ሞተር ሄደች። ሞተር፣ ቀንሰህ ጠጣ፤ መኪና አልወጣም ብላለች። ሞተር ነደደ። ነዳጅ የሚጠጣ መንደድ ያውቅበታል። ድሮ ብቻዬን ነበርኩ አለ። አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ኮፈኑ የሚከፈተው ለዝምተኛው ነው። ዳገት ላይ ካላገዘኝ አልቀንስም።

ወደ ዝምተኛው ሄደች። ዝምተኛው፣ ሞተርን አግዝ፤ ሞተር አልቀንስም ብሏል፣ መኪና አልወጣም ብላለች። ዝምተኛው ውስጥ ውስጡን ተብሰከሰከ። ሰፈሩ አጥር ላይ የሚንጠለጠለው ለሞተር ጩኸት ነው፤ እኔ ሳልፍ ድመት እንኳ ዞራ አታየኝም። ደግሞስ በባዶ እጄ ምን ላግዝ? ባትሪ አልሰጥ ብሎኛል።

ወደ ባትሪ ሄደች። ባትሪ፣ ለዝምተኛው ስጥ፤ ዝምተኛው አላግዝም ብሏል፣ ሞተር አልቀንስም ብሏል፣ መኪና አልወጣም ብላለች። ባትሪ ከመቀመጫው ሥር አጉረመረመ። ለሞተር በጠርሙስ እየተለካ ይቀዳለታል፤ እኔን በላህ ወይ የሚለኝ ማን አለ? ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የሚዞረውን ጎማ ጉልበት ካልሰበሰበልኝ የምሰጠው የለኝም።

ወደ ፍሬን ሄደች። ፍሬን፣ ለባትሪ ሰብስብ፤ ባትሪ አልሰጥም ብሏል፣ ዝምተኛው አላግዝም ብሏል፣ ሞተር አልቀንስም ብሏል፣ መኪና አልወጣም ብላለች። ፍሬን የተቃጠለ ሸራውን አሳያት። ቀስ ብሎ የሚረግጠኝ ባገኝ ቁልቁለቱን ሁሉ ለቅሜ ለባትሪ በሰጠሁ። የሾፌሩ እግር ግን ፍቅሩ ከነዳጅ መስጫው ጋር ነው። እኔ ትዝ የምለው ኩርባው አፍ ላይ ሲደርስ፣ ሲጨንቀው።

እግሩ የጋሽ አሰግድ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የድሮ ተወዳዳሪ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ዋንጫዎች የእሳቸው። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ጓንታቸውን ያጣጥፋሉ። ምንትዋብ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ጋሽ አሰግድ፣ ፍሬኑን ቀደም ብለው፣ ቀስ ብለው ይርገጡት፤ ፍሬን አልሰበስብም ብሏል፣ ባትሪ አልሰጥም ብሏል፣ ዝምተኛው አላግዝም ብሏል፣ ሞተር አልቀንስም ብሏል፣ መኪና አልወጣም ብላለች።

ጋሽ አሰግድ ሳቁ፤ ከአንገት በላይ። መኪናዋ ድሮ የአሰግድ ትባል ነበር። አሁን ዘበኛው ሳይቀር የምንትዋብ ይላታል።

«ቁልፉን ስትሰጪኝ ምን አልሽኝ?» አሉ።

«ምንም አላልኩም።»

«እኮ። ሁለት ቀን፣ ምንም።»

በዚያ ጋራዥ ቁልፍ የሚሰጥ ይቅናህ ሳይል አይሰጥም፤ ተቀባዩም አሜን ሳይል አይቀበልም። ምንትዋብ ሁለቱንም ቀን ቁልፉን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርጋ ዞር ብላ ነበር። የሠራችው እሷ፤ መሪውን የሚይዙት እሳቸው። ለእሷ የኋላ መብራቱ ብቻ።

ሰንሰለቱ ዞሮ ዞሮ እሷው ጋ ደረሰ።

«ይቅናዎት ማለት አቃተኝ፣ ጋሼ» አለች። «ቀንቼ ነው።»

«ያው አንድ ቃል ነው» አሉ። «ግማሹን ለራስሽ አስቀረሽው። እኔም ቀንቻለሁ። እግሬን ጠይቂው።»

ቁልፉን አነሳች። በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«ይቅናዎት።»

«አሜን።»

ያኔ እግር ቀስ ብሎ ረገጠ፣ ፍሬን ቁልቁለቱን ለቀመ፣ ባትሪ ጠግቦ ለዝምተኛው ሰጠ፣ ዝምተኛው ሞተርን አገዘ፣ ሞተር ቀንሶ ጠጣ፣ መኪና የባሕር ዛፉን ኩርባ ሽው ብላ አለፈች። በአሥራ አራት ደቂቃ ጋራዥ ገባች። ወይዘሮ የሺመቤት የተረፈውን ወደ መለኪያው ጠርሙስ አስቀድተው ወደ ብርሃን አንስተው አዩት፤ ሁለት ጣት ቤንዚን ተርፏል። የሚነቀል ነገር የለም አሉ።

ጋሽ አሰግድ ወረዱ። አሁን ተራው የሠሪዋ ነው፤ ሁለተኛውን ዙር የምትነዳው ምንትዋብ ናት። ቁልፉን ዘረጉላት፤ ዘረጉና ያዝ አደረጉት። ቃሉ ኩርባ እንደገጠመው ዘገየ።

«ይቅናሽ» አሉ በመጨረሻ።

«አሜን» አለች፤ ሄደች።

እሳቸው ቆመው የኋላ መብራቱን አዩ፣ እስኪሰወር ድረስ። ቀኝ እግራቸው ባዶ መሬቱን ይረግጣል፤ ቀስ ብሎ፣ ቀደም ብሎ።

ተረቴን መልሱ፤ እጄን በተረፈው ቤንዚን አብሱ።