ሰባት ቤት ቁጠሪ የተባለችው ጠላ ሻጭ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ጥርስ የሌለው በድዱም ቢሆን ይሳቅ።

አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች፣ ምላሷ ጢም የሚላጭ። ልጇ በልሁ የታሪክ መምህሩን የአቶ አስናቀን ልጅ ውዳላትን ወደደና ሽማግሌ ተላከ። አቶ አስናቀ ደረታቸው ቀድሟቸው በር የሚገባ ሰው ናቸው። የበልሁ ቅድመ አያት በአያታቸው ቤት ባሪያ እንደነበረች አገር ያውቃል፤ ልጃቸውን የነፈጉትም ለዚሁ ነው። ግን እንዴት ይናገሩት? «ባሪያ በአገራችን አልነበረም» ብለው የሚያስተምሩት ራሳቸው!

ስለዚህ ሴትዮዋን ከነልጇ፣ ከአያታቸው ወደወረሱት ቤት አስጠርተው ሽማግሌዎቹ ፊት፣ «ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ፣ የልጅሽን ሰባት ቤት ቁጠሪ» አሏት። እንደማትችል ያውቃሉ።

ቆጥራ ቆጥራ ቅድመ አያቱ ላይ ቆመች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከእናቷ ጉያ የነጠቋት አያትዎ ይጠየቁ።»

«የምን መንጠቅ! አያቴ ልጅ አድርገው ነው ያሳደጓት!»

«እንደ ልጅ ወይስ ልጅ?»

«ልጅ! የቤቱ ልጅ! ከአባቴ ጋር በአንድ ገበታ የበላች!»

ሴትዮዋ እልልታዋን አቀለጠችው። «እንዲያማ ከሆነ ዘመዳሞች ነን፣ ሠርጉ ቀርቷል! በልሁ፣ ና የአጎትህን ጉልበት ሳም። ሽማግሌዎቼ፣ አትነሱ፤ ይቺን የአያታችንን ቤት ታካፍሉናላችሁ።»

አቶ አስናቀን ላብ አጠመቃቸው። «ኧረ የለም! ባዳ ናችሁ! ምንም ዝምድና የለንም!»

«ባዳ ከሆንንማ ልጆቹ ይጋቡ» አለች። «እርስዎ ደግሞ ነገ ክፍል ገብተው፣ ያቺ የባዳ ልጅ አያትዎ ቤት እንዴት እንደገባች ለተማሪዎቹ ይንገሩልኝ።»