ለአንድ ቃል የተጠየቀች መንደር

አንዲት ተማሪ ነበረች።

ጌጤነህ ልጄ፣ ጥያቄህ ገብቶኛል። ለሥራ ፈተና ቀርበህ ትርጉሙን ነግረውህ የእንግሊዝኛው ቃል ጠፋህ፤ ሳቁብህ። ወዲያው «የት ነው የተወለድከው?» ሲሉህ አፍረህ ረግጠኸው የማታውቀውን ከተማ ጠራህ። አሁን ደግሞ «እኔ ይህን ያህል ባዶ ሰው ነኝ ወይ?» ትለኛለህ። መጀመሪያ የልጅቷን ነገር ስማ።

ይህች ልጅ ከገደል ሥር ካለች፣ ሰንበሌጥ ከምትባል መንደር መጥታ ከተማ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማር ነበር። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሳቅ የሚወድ፣ በጨዋታ የተማሩት ቃል አይረሳም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ስለዚህ የቃላት ትምህርቱን እንቆቅልሽ አደረገው። እሱ ትርጉሙን ይናገራል፤ ተማሪው ቃሉን በእንግሊዝኛ ይገምታል። ያወቀ ይጨበጨብለታል። ያላወቀ ግን እንደ እንቆቅልሽ ወጉ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ይሰጣል፤ አስተማሪውም ተቀብሎ ተሸናፊውን ያሽሟጥጠዋል። አንዱ ጅማን ቢሰጠው «እኔ ጅማ ገብቼ ማሬን ስልስ፣ አንተ ደጅ ቆመህ ጣትህን ስትልስ» አለው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷም አብራ ሳቀች።

ነገሩ የተበላሸው አስተማሪው ትልልቆቹን ከተሞች የጠገበ ዕለት ነው። «ጎንደርም ሐረርም የእኔ ሆነዋል፤ ከእንግዲህ የምትሰጡኝ የተወለዳችሁበትን ነው» አለ። ለከተማው ልጆች ምንም አልነበረም። ከገጠር የመጡት ግን መንደራቸውን እየሰጡ መንደራቸው መሳቂያ ሆነ። የአንደኛው መንደር «ጅብ እንኳ ርቦት የሚሰደድበት አገር» ተባለ፤ ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ስደተኛው ጅብ» ሆኖ ቀረ። ከወዴት ነህ ሲባል ድምፁን አውጥቶ የሚመልስ ጠፋ። ልጅቷ ይህን እያየች አብራ መሳቋን ተወች። ሰንበሌጥ እናቷ ያለችባት፣ አባቷ የተቀበረባት ናት።

ተራዋ ደረሰ።

«እንቆቅልሽ» አላት።

«ምን አውቅልዎት» አለች ተነሥታ።

«ጮኸሽ ስትጣሪ ድምፅሽ ዓለት መትቶ ተመልሶ ይሰማሻል። ምንድን ነው?»

ልጅቷ ደስ አላት። ሰንበሌጥ ገደሉ ፊት ቆማ ስንት ጊዜ የገዛ ስሟን ጠርታ ሰምታዋለች! «የገደል ማሚቶ ነው!» አለች።

«እሱን ማን ጠየቀሽ? በእንግሊዝኛ!»

«የእንግሊዝኛውን አላውቀውም።»

«እንግዲያው አገር ስጪኝ። ሰንበሌጥን!»

ክፍሉ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ልጅቷ ግን «አልሰጥም» አለች።

«ሕጉ ነው እኮ!»

«መምህር፣ አገር የሚሰጠው ያላወቀ ነው። እኔ ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ያጣሁት ፈረንጅ ያወጣለትን ስም ነው። እሱን እማራለሁ፤ ልማር ነው የመጣሁት። ሰንበሌጥን ግን አልሰጥም።»

አስተማሪው ተማሪ ፊት ተደፈርኩ ብሎ ተቆጣ። «ውጪ! ሳትሰጪ እኔ ክፍል አትገቢም» አላት።

ወጣች። እንግሊዝኛን ካላለፈች ትምህርቷ እዚያው ላይ እንደሚያበቃ ታውቃለች። አክስቷም ሰምታ ለመነቻት። «ምን አለበት፣ በአፍ እኮ ነው የምትሰጪው! መንደሯን ማን አንሥቶ ይወስዳታል?»

«በአፍ ነው የሚወስዷት፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ።

በማግስቱ መጥታ ከክፍሉ መስኮት ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። በየቀኑ እየመጣች ከውጭ ትሰማለች፤ ያልገባትን ከክፍል የሚወጡትን ትጠይቃለች። ፀሐዩም አቧራውም ተፈራረቀባት። አስተማሪው ያያታል፤ አላስገባትም፣ አላባረራትምም። አንድ ቀን «ዝናብ ጠፍቶ ምድር ደርቃ እህልም ከብትም ሲያልቅ፣ ምንድን ነው?» ብሎ ክፍሉን ጠየቀ። መንደሬን ሊጠይቀኝ ነው ብሎ ሁሉም አቀረቀረ። ያን ጊዜ ከመስኮቱ ሥር «ድራውት!» የሚል ድምፅ መጣ።

አስተማሪው ሳቁ አመለጠው። እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም። «ግቢ በቃ፣ አሸነፍሽ! ዛሬ አገር የምሰጥሽ እኔ ነኝ። ጎንደርን ትፈልጊያለሽ ወይስ ሐረርን?»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች። ቀሚሷ በአፈር ነጥቷል። «ጎንደርም ሐረርም ባለቤት አላቸው» አለች። «የእነዚህን ልጆች መንደር ይመልሱላቸው። ሁሉንም፣ በስሙ እየጠሩ።»

አስተማሪው ልጆቹን ተራ በተራ አያቸው፤ ቀና ብሎ የሚያየው ሲያጣ ነገሩ ያኔ የገባው ይመስለኛል። የወሰዳቸውን መንደሮች አንድ በአንድ እየጠራ መለሰ። ስደተኛው ጅብ ወደተባለው ልጅ ሲደርስ ልጁ አላስጨረሰውም፤ ብድግ ብሎ የመንደሩን ስም ራሱ ተናገረ፤ ሌላው ክፍል ድረስ ተሰማ።

እንግዲህ ጌጤነህ፣ አንተና ልጅቷ የገባችሁበት ፈተና አንድ ነው። እሷም ቃሉን አላወቀችውም፤ አንተም አላወቅከውም። ቃል ይጠፋል፤ እኔም ይጠፋኛል። በዚህ ባዶ ነህ የሚልህ ካለ ውሸቱን ነው፤ ቃሉን መስኮት ሥር ተቀምጠህም ቢሆን ተማረውና ተመልሰህ ፊታቸው ቁም። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። እሷን ከክፍል እያስወጡ አገር ስጪ ቢሏት እንቢ አለች። አንተን ግን የት ተወለድክ አሉህ እንጂ አገር ስጠን ያለህ የለም። የሰው ከተማ ጠርተህ የተወለድክበትን ሳይጠይቁህ ሰጠሃቸው።