የሰው ግጥም የማትቀበለው ልጅ

ክራር መምታት ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጅ ነበረች። ታዳሚው እንደ ልማዱ ግጥም አውጥቶ «ተቀበይ!» ሲላት አትቀበልም፤ ራሷ ገጥማ ራሷ ታዜማለች። በዚህ ጠባይዋ ሽልማቱ ሁሉ ለሌሎች አዝማሪዎች ይሄድ ነበር።

ውዳሴ የማይጠግቡት ግራዝማች አንዳርጌ ይህን ሰሙና ለልጃቸው ሰርግ አስጠሯት። ዳሱ ጢም ሲል ጠብቀው፣

«አንቺ፣ የሰው ግጥም ትንቂያለሽ አሉ! በይ እንግዲህ እኔን አወድሺኝ። አንዲት ቃል ውሸት ከገባችበት ግን ክራርሽ እሳት ውስጥ ትገባለች!» አሏት።

ልጅቷን ጨነቃት። ብታወድሳቸው ውሸት ነው፤ ዝም ብትል ድፍረት ነው። ያላት ደግሞ ያቺው አንዲት ክራር ናት። ጅማቱን ስታጠብቅ ስታላላ ቆየችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ጥፋቴ ገብቶኛል። ዛሬስ ልማዱን አከብራለሁ፤ ግጥሙን ከእርስዎ እቀበላለሁ። እውነተኛውን ውዳሴ እርስዎ ያውጡልኝና እኔ ላዚመው።»

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽቅብ ወደ ዳሱ ጣሪያ አዩ። ቢቸግራቸው ወደ እንግዶቹ ዞሩ፤ እንግዶቹ ጠጃቸው ላይ አቀረቀሩ።

«አይቸኩሉ፣ ጌታዬ» አለች ልጅቷ ክራሯን እያቀፈች፤ «እስኪመጣልዎት ድረስ የራሴን ልዝፈን።»