አያ ጅቦ ያሰረው የጭስ በር

አንድ ጊዜ፣ ሰዎች ጥለውት ከሄዱት አሮጌ ወፍጮ ቤት አጠገብ ቡሊት የምትባል አህያ ትኖር ነበር። ትኖር ነበር ከማለት ትዞር ነበር ማለት ይሻላል። ቀንበር አንገቷ ላይ ተጭኖ የንጉሥ አንበሳን የወፍጮ ድንጋይ ስታዞር ይነጋል፣ ስታዞር ይመሻል። ዕድሜ ልኳን ስትሄድ ኖራ የትም ደርሳ አታውቅም። ምኞቷም ብዙ አልነበረም፤ አንድ ቀን ቀጥ ብላ መሄድ ብቻ ነበር። ወዴት ቢሏት መልስ የላትም፤ ብቻ ቀጥታ ይሁንላት።

ከዕለታት በአንዱ ንጉሥ አንበሳ ልጁን ሊድር መሆኑ ተነገረ። ለድግሱ የሚፈጨው እህል ከወፍጮው ደጃፍ ሲቆለል ቁመቱ ከቡሊት ጆሮ አለፈ፤ የአህያ ጆሮ ደግሞ አጭር አይደለም። ቡሊት ክምሩን ቀና ብላ አየችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። የሚያጽናናት ጎረቤት አልጠፋም። እመት ቀበሮ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰዎቹ ከተዉት ቁርጥራጭ ብረት መሃል፣ አፍንጫዋ ጥላሸት ለብሶ ብቅ አለች።

«አይዞሽ ቡሊት፤ ባንቺ ፈንታ የሚፈጭ ሞተር ሠርቻለሁ» አለቻት።

«ምን ይበላል?» አለች ቡሊት። አህያ ስለ ማንም መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

«ሞራ።»

«ሣር አይነካም?»

«ዞር ብሎም አያየው።»

«እንግዲያው ደህና ሰው ነው» አለች ቡሊት፣ ተያይዘውም ወደ ንጉሡ ሄዱ።

ንጉሥ አንበሳ ከዋርካው ሥር ተጋድሞ ነበር። አያ ጅቦም እግሩ ሥር ተቀምጦ፣ ከንጉሡ ምሳ የሚተርፍ አጥንት ሲጠባበቅ ቡሊትን አየና ምራቁን ዋጠ። የንጉሡ ሠራተኛ ስለሆነች ሊነካት አይችልም፤ ምራቁን ግን በየቀኑ ይውጥ ነበር።

እመት ቀበሮ ሞተሯን መሬት ላይ በጭራዋ እየሣለች ታስረዳ ጀመር። «ጃንሆይ፣ ይህ ሲሊንደር የሚባል የብረት ቱቦ ነው፤ ውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ፒስተን አለ። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩንና የቀለጠውን ሞራ ይጨምቃል። የሲሊንደሩ ራስ በእሳት ግሎ ስለሚጠብቅ ሞራው ቦግ ይልና ፒስተኑን ወደ ታች ይወረውረዋል። አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች፤ በሁለት ምት ሥራው አለቀ። አራት ምት የሚፈጅባቸው ሞተሮች አሉ ይባላል፤ እነሱ ግማሹን ጊዜ የሚያጠፉት በመተንፈስ ነው።»

«ያንቺውስ በምን ይተነፍሳል?» አለ ንጉሡ እያዛጋ።

«በእነዚህ ተንሸራታች በሮች። እንደ መሳቢያ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ፒስተኑ ታች ሲደርስ የጭሱ በር ይንሸራተትና ጭሱ ይወጣል፤ ወዲያው የአየሩ በር ይንሸራተትና አዲስ አየር ይገባል። ሁለቱንም የሚገፋቸው ከመንኮራኩሩ ጋር የተያያዘው ክንድ ስለሆነ ማንም ሊነካቸው አይገባም።»

አያ ጅቦ ጆሮውን አቆመ። «ቆይ እስቲ፣ እመት ቀበሮ። የገባው ሞራ በጭሱ በር ተመልሶ ይወጣል ነው የምትዪው?»

«ተቃጥሎ፣ ጭስ ሆኖ።»

«ጭሱ ምን ምን ይሸታል?»

«ጥብስ ጥብስ።»

«እና ዝም ብሎ ይሄዳል? የሚከለክለው የለም?»

«ዝም ብሎ ይሄዳል፣ አያ ጅቦ።»

አያ ጅቦ አንገቱን ደፋ። ያየው ሁሉ ዘመድ ሞቶበት ይሆናል ብሎ ያዝንለት ነበር።

ቡሊት በዚህ መሃል ድፍረቷን አሰባስባ ወደ ፊት ቀረበች። «ጃንሆይ፣ ሞተሩ የድግሱን እህል ከፈጨ እኔን ከቀንበሩ ይፍቱኝ።»

«ካልፈጨስ?» አለ አያ ጅቦ ከሐዘኑ ብድግ ብሎ። «ሥራ ፈትታ ሞተር ስትጠብቅ የዋለች አህያ አህያ መሆኗ ቀርቷል፤ ሥጋ ናት። ለእኔ ትሰጠኝ።»

ንጉሡ እንቅልፉ መጥቶ ስለነበር ነገሩን ማሳጠር ፈለገ። «ይሁን። እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ዱቄቱ ካለቀ ነፃ ነሽ። ካላለቀ የጅቦ ነሽ። ሞራውንም አያ ጅቦ ይጠብቅ፤ ከእሱ የበለጠ ሞራ የሚወድ የለምና ከእሱ የበለጠ የሚጠብቅም አይገኝም።» ባለሟሎቹ ሁሉ አጨበጨቡ፤ ንጉሡ ምንም ቢናገር ማጨብጨብ ልማዳቸው ነው። ቡሊት ብቻ ከአያ ጅቦ አንድ እርምጃ ራቀች።

የሠርጉ ዕለት ማለዳ እመት ቀበሮ የሲሊንደሩን ራስ በፍም አጋለች። አያ ጅቦ ከሞራው እኩሌታውን ጠብቆ ጨርሶት ነበር፤ እመት ቀበሮ ግን ጠባዩን ታውቃለችና አስቀድማ በእጥፍ አዘጋጅታ ነበር። ቡሊት በመንኮራኩሩ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ በትከሻዋ ስትስብ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ አንዴ አሳለ፣ ከዚያ ዱክ ዱክ ዱክ እያለ ተነሣ። ሞተሩን ከወፍጮው ድንጋይ ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ተወጠረ፣ ድንጋዩ ዞረ፣ ዱቄቱም ይወርድ ጀመር። ቡሊት ድንጋዩ ያለ እሷ ሲዞር ቆማ አየችና ደስ አላት። ደስታው እግሯ ድረስ ወርዶ በቆመችበት ትዘል ነበር።

ክምሩ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። አያ ጅቦ ግን ዱቄቱንም ቡሊትንም አላየም፤ የሚያየው የጭሱን በር ነበር። በሩ በተንሸራተተ ቁጥር የጥብስ ሽታ ቡን ብሎ ይወጣል፣ ከዛፎቹ በላይ ያልፋል፣ ይጠፋል። አያ ጅቦ በአፉ ሊቀልበው እየዘለለ ደከመው። አየሩን ይነክሳል፣ ያላምጣል፣ ይውጣል፤ ሆዱ ግን ያው ባዶ ነው።

«ይህ ግፍ ነው» አለ በመጨረሻ። «ገብቶ የሚወጣ ነገር ምን ይሠራል? እዚያው ይጠራቀምና ማታ አንዴ እበላዋለሁ።» ከዚያም የሰዎቹን አሮጌ የበሬ ቆዳ ጠፍር ከወለሉ አነሣና በሩን ከነክንዱ ጠፍንጎ አሰረው። ቡሊትን ለመብላት ብሎ ያሰረው እንዳይመስላችሁ። ያንን ማሰብ ዕቅድ ይጠይቃል፤ በአያ ጅቦ ራስ ውስጥ ደግሞ ዕቅድ አድሮ አያውቅም።

ሞተሩ ዱክ አለ። ቆይቶ ዱ... አለ። ከዚያ ፀጥ አለ።

የቀረው እህል ጥቂት ነበር፤ የእንግዶቹ ከበሮ ግን ከወንዙ ማዶ መሰማት ጀምሯል። እመት ቀበሮ መንኮራኩሩን ብትገፋው ንቅንቅ አልል አለ። ቡሊት ዞር ዞር ብላ ስታይ ጠፍሩን አየች፤ በጠፍሩ አጠገብም የአያ ጅቦን ጥርስ አየች። እመት ቀበሮ ልትፈታው እጇን ብትዘረጋ አያ ጅቦ ጣቷን ለጥቂት ሳተው።

ንጉሥ አንበሳ የሙሽራ አባት ካባውን ለብሶ መጣ። «ጃንሆይ፣ የጭሱ በር ታስሯል» አለች ቡሊት።

«እኔ የጭስና የበር ወሬ አልጠየቅሁም። ዱቄቱ አልቋል ወይስ አላለቀም?»

«ትንሽ...»

«ከበሮው ደጄ ሲደርስ ካላለቀ ቃሌ ቃል ነው» አለና ጎፈሩን አስተካክሎ ቆመ።

ቡሊት በጣም ፈራች። የፈራች አህያ ወይ ትራገጣለች፣ ወይ ታስባለች። ለመራገጥ ቦታው ጠባብ ስለነበር አሰበች። ጠፍሩ በጋለው ብረት ላይ ከዋለ ቆይቷል፤ የሞራውን ጭስ ጠጥቶ፣ ወዝቶ፣ ጫፉ መጠበስ ጀምሮ ነበር። አያ ጅቦን ደግሞ ስትሸሸው የኖረችውን ያህል ታውቀዋለች፤ ቆዳ ሲጣል አይቶ አያስችለውም።

«እመት ቀበሮ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ያ የተጠበሰ ጠፍር ሽታው ሙሽራዪቱን ያስነጥሳታል። ድግሱ ሲያልቅ ወስደሽ ወንዝ ጣዪው።»

እመት ቀበሮ ነገሩ ወዲያው ገባት። «ያን የመሰለ የበሬ ቆዳ? መጣሉስ ያሳዝናል፤ ግን የሚበላው ከሌለ ምን ይደረጋል» አለች እያዘነች።

«ማን ነው የሚጥለው?» አለ አያ ጅቦ። አፍንጫውን ወደ ጠፍሩ አስጠጋ። አሸተተ። እንደገና አሸተተ። ዓይኑ ተስለመለመ። «ጫፉን ብቻ» አለ ለራሱ። ጫፉን ቀመሰ። ከጫፉ ቀጥሎ ያለውም ጫፍ መሰለው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ቋጠሮው ላይ ደረሰና ቀረጠፈው።

ታፍኖ የከረመው ጭስ መቼ ታገሠ። በሩን በርግዶ፣ ጥላሸቱን ሁሉ ይዞ፣ በሙሉ ኃይሉ በአያ ጅቦ ፊት ላይ ወጣ። አያ ጅቦ ተገለባብጦ የዱቄቱ ክምር ውስጥ ወደቀ። ፊቱ ጠቁሮ፣ ጀርባው ነጥቶ ሲነሣ እናቱ እንኳ አትለየውም ነበር። ቡሊት ገመዱን ሳበች፤ ሞተሩ አስነጠሰ፣ አሳለ፣ ዱክ ዱክ ዱክ አለ። የመጨረሻው ፍሬ ተፈጭቶ ሲወርድ ከበሮው ደጁ ላይ ደረሰ።

«አልቋል» አለ ንጉሡ፣ «ፍቷት።»

ቡሊት ቀንበሯን አውልቃ በወፍጮ ቤቱ በር ወጣች። ቀጥ ብላ ልትሄድ ስትል እግሮቿ ልማዳቸውን አልረሱምና ዞራ ተመልሳ እዚያው በር ላይ ተገኘች።

«ቡሊት፣ ቀጥ በይ እንጂ» አለቻት እመት ቀበሮ።

«ቀጥ ማለቴ እኮ ነው» አለች ቡሊት፣ እንደገናም ዞረች። እመት ቀበሮ እየሣቀች ትከሻዋን በትከሻዋ ደግፋ አቀናቻት። እየተንጋደዱ፣ እየተጋፉ፣ ሠርገኞቹን እየገፈተሩ ወንዙ ዳር ደረሱ። ቡሊት ጎንበስ ብላ ጠጣችና ቀና አለች። «ደረስኩ» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

አያ ጅቦ ከኋላቸው መጥቶ ፊቱን ታጠበ፤ አፉ ዙሪያ ያለው ጥላሸት ግን እምቢ ብሎ ቀረ። «ለመሆኑ» አለ የከሰለ አፉን እየላሰ፣ «ያ ሁሉ ጭስ ወዴት ሄደ?»

ከዚህ የምንማረው፣ አንዴ የገባ ነገር ከእጄ አይውጣ ብሎ በሩን የሚያስር ስግብግብ፣ ሥራውን ያቆማል እንጂ ምንም እንደማያተርፍ፣ ያፈነውም ነገር በመጨረሻ በገዛ ፊቱ ላይ እንደሚፈነዳ ነው።