የስመኝ መሳፈሪያ

ጆሯችሁን አውሱኝማ፤ የአንዲት ልጅ እግር ስንት በር እንደዞረ ልንገራችሁ።

ስመኝ የምትባል የገበሬ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ዩኒቨርሲቲው የሁለት ቀን መንገድ ነው። የቸገራት አንድ ነገር፣ መሳፈሪያ ነበር። ወረዳው ለገጠር ተማሪ ድጋፍ ይሰጣል ሲባል ሰምታ በእግሯ ከተማ ወረደች። የቢሮው ጸሐፊ ግን የቀበሌ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ካላመጣች ድጋፉ እንደማይሰጣት ነገረቻት። ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው አንድ ሳምንት ነው።

ወደ ቀበሌዋ ተመለሰች። ማኅተሙ የሊቀመንበሩ የአቶ ጓንጉል መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። እሳቸው ደግሞ ደጃቸው ላይ፣ ምጥ ከጣላት ላማቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ሐኪም ሳያያት ንቅንቅ እንደማይሉ ነገሯት። ላሚቱ ካልተነሳች ሊቀመንበሩ አይነሱም፤ ሊቀመንበሩ ካልተነሱ ማኅተሙ አይመታም፤ ማኅተሙ ካልተመታ ድጋፉ አይሰጥም፤ ድጋፉ ካልተሰጠ ስመኝ አትሳፈርም።

እግሯን እየጎተተች እንደገና ከተማ ወረደች። የከብት ሐኪሙ ሞተር ብስክሌቱ ተበላሽቶ ጋራዥ ገብቶበታል። ሞተሩ ካልተነሳ ሐኪሙ አይሄድም፤ ሐኪሙ ካልሄደ ላሚቱ አትነሳም፤ ላሚቱ ካልተነሳች ሊቀመንበሩ አይነሱም፤ ሊቀመንበሩ ካልተነሱ ማኅተሙ አይመታም፤ ማኅተሙ ካልተመታ ድጋፉ አይሰጥም፤ ድጋፉ ካልተሰጠ ስመኝ አትሳፈርም።

ጋራዡ ውስጥ መካኒኩ ጋሽ ወንዳፍራው ሞተሩን ፈታተው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ስመኝ ያለፈችውን ፈተና ልጃቸው እናትነሽ ወድቃ፣ በር ዘግታ ከተኛች ሁለት ቀኗ ነው።

«እሷ እህል ሳትቀምስ እጄ መፍቻ አይጨብጥልኝም፣ ልጄ» አሏት።

እናትነሽ ካልጎረሰች አባቷ መፍቻ አይጨብጡም፤ መፍቻ ካልጨበጡ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ሐኪሙ አይሄድም፤ ሐኪሙ ካልሄደ ላሚቱ አትነሳም፤ ላሚቱ ካልተነሳች ሊቀመንበሩ አይነሱም፤ ሊቀመንበሩ ካልተነሱ ማኅተሙ አይመታም፤ ማኅተሙ ካልተመታ ድጋፉ አይሰጥም፤ ድጋፉ ካልተሰጠ ስመኝ አትሳፈርም።

ስመኝ ከጋራዡ ጀርባ ባለው የእናትነሽ ክፍል በር ላይ ቆማ አመነታች። ያለፈ ሰው ለወደቀ ሰው ምን ይለዋል? በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እናትነሽ፣ ላጽናናሽ ነበር፤ አቅም አጣሁ» አለቻት። «ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።»

እናትነሽ ቀና ስትል የልጅቱን አቧራ የለበሰ እግር አየች። አጠገቧ ሳይነካ የቆየውን የምግብ ሳህን ሳበች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለስመኝ አጎረሰቻት፤ ሁለተኛውን ራሷ ጎረሰች።

እናትነሽ ስትጎርስ አባቷ መፍቻ ጨበጡ፤ መፍቻ ሲጨብጡ ሞተሩ ተነሳ፤ ሞተሩ ሲነሳ ሐኪሙ ሄደ፤ ሐኪሙ ሲሄድ ላሚቱ በሰላም ወልዳ ተነሳች፤ ላሚቱ ስትነሳ ሊቀመንበሩ ተነሱ፤ ሊቀመንበሩ ሲነሱ ማኅተሙ ተመታ፤ ማኅተሙ ሲመታ ድጋፉ ተሰጠ፤ ድጋፉ ሲሰጥ ስመኝ ተሳፈረች።

እናቷ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ስትመርቃት፣ ስመኝ ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እናቷም አልቀሰቀሰቻትም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ምርቃቷን እስከ መጨረሻው ጨረሰች።

ተረቴም እዚህ ላይ አረፈች፤ እናንተም እረፉ።