ማሽኑ ያረፈበት ቀን

አንዲት ጥልፍ ጠላፊ ሴት ነበረች። ሃያ ዓመት ሙሉ የሀበሻ ቀሚስ ላይ ጎንበስ ብላ መስቀል ስትጠልፍ ዓይኗ ደክሟል። የአንዱን ቀሚስ ጥልፍ ለመጨረስ አራት ቀን ይፈጅባታል። በወር አንድ ቀን ግን መርፌ አትነካም፤ በሃያ አንድ፣ በእመቤታችን ቀን። በበዓል መርፌ አይያዝማ። እናንተም ከእናቶቻችሁ ሰምታችሁታል።

በዚያን ቀን ከከተማው ዳር ወዳለችው ደብር ትሄዳለች። እናቷ እዚያ መንኩሰው፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በአንዲት ጎጆ ይኖራሉ። ልብሳቸውን ታጥብላቸዋለች፤ ጥፍራቸውን ትቆርጥላቸዋለች። እሁድ እንዳትሄድ እሁድን ሥራ ከወሰደባት ቆይቷል። የቀረቻት ይህችው አንድ ቀን ናት።

እንዲህ ስትኖር፣ አሠሪዋ አቶ ደምሰው ባለ አሥራ ሁለት ራስ የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን አስመጡ። ቄስ ጠርተው ጸበል አስረጩት። «እንግዲህ ዓይናችሁ ሊያርፍ ነው» አሏቸው አብረው ለሚጠልፉት ሴቶች ሁሉ። እሷም እልል አለች።

እውነትም ማሽኑ ጉድ ነው። ንድፉን አንዴ ከሰጡት፣ የአሥራ ሁለት ቀሚስ ደረት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጠልፎ ቁጭ ያደርጋል። መርፌው በደቂቃ ስምንት መቶ ጊዜ ይወጋል። ክር ሲበጠስበት ራሱ ቆሞ ሰው ይጣራል።

እሺ፤ ያ ሁሉ የተረፈ ቀን የት ሄደ? እናንተን ነው የምጠይቀው፤ የት ሄደ?

ሃያ አንድ ሲደርስ፣ የሠርግ ትእዛዝ ስለበዛ ማንም እንዳይቀር ተባለ። ሴትየዋም በበዓል መርፌ እንደማይያዝ በትሕትና አስታወሰቻቸው።

«እቴነሽ፣ መርፌውን የያዘው ማሽኑ ነው» አሉ አቶ ደምሰው። «አንቺ ክር ትቀይሪያለሽ እንጂ ምን ትሠሪያለሽ? ምን ኃጢአት አለው?»

አጠገቧ የቆመችው ብርቅነሽ ጠጋ ብላ፣ «እንግዲያ ንስሐ የሚገባውም ማሽኑ ነዋ» አለቻት። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ሳቁና ሠሩ። እቴነሽም ሠራች። የእንጀራ ነገር ነው። በሁለተኛውም ወር ሠራች። ከደብሩ የመጣ ሰው፣ እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እንደሚውሉ፣ የሰው ኮቴ በሰሙ ቁጥር «እቴነሽ ነሽ?» እንደሚሉ ነገራት። ይህን ሰምታ ክር ትቀይር ነበር።

በሦስተኛው ወር፣ በዚያው በሃያ አንድ፣ ማሽኑ ቀሚስ መሀል ላይ ቀጥ አለ። መካኒክ ተጠራ። ከፍቶ አየውና ያለ ዕረፍት ሲሠራ ከርሞ እንደጋለ፣ በወር አንድ ቀን ሙሉ ቆሞ ካልጸዳና ዘይት ካልተቀባ እንደሚቃጠል ተናገረ።

አቶ ደምሰው አልተከራከሩም። ትእዛዝ በዝቷል አላሉም።

«ይረፍ እንጂ፤ ዛሬውኑ ይረፍ። ከእንግዲህም በየወሩ ይረፍ።»

አቧራ እንዳይነካው ነጭ ጨርቅ አለበሱት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ ማሽኑ አርፎ እስኪነሳ ድረስ፣ በተጠለፉት ቀሚሶች ጀርባ የተንጠለጠለውን ክር በመቀስ እየቆረጡ እንዲያጠሩ አዘዙ።

እቴነሽ መቀሱን ተቀበለች። መቀሱን አየች፤ ነጩን ጨርቅ አየች።

«ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፤ «መርፌ የያዘው እሱ ነው ብለውን ነበር። እሱ ይኸው በዓሉን እያከበረ ነው። እኛ ማን ሆነን ቀረን?»

መቀሱን ነጩ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ነገ ሥራ ይኑራት አይኑራት አታውቅም።

እናቷ ኮቴዋን ሲሰሙ የት ጠፋሽ አላሉም። እጃቸውን ብቻ ዘረጉላት። የሦስት ወር ጥፍር።

ወገኖቼ፣ ማሽኑን አትርገሙት። ጥበብን ለሰው የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ የደከመ ዓይን እንዲያርፍበት ሰጠ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሕጉ ስለ ሰንበት ሲናገር በሬውንም አህያውንም አልረሳም፤ ከሰው ጋር ይረፉ አለ። በሬው ይረፍና ሰው ይጠመድ ያለው የቱ ጋ ነው? አሳዩኝ።

«ይበላቸው፣ አቶ ደምሰው ይስሙ» ትሉ ይሆናል። ቆዩ። የሠርጉን ቀሚስ «ለነገ ካልደረሰ አልቀበልም» ብሎ የጮኸው ማን ነው? እኛ አይደለንም? የመኪናችን ሞተር እንዳይነክስ ቀኑን ቆጥረን ዘይት እንቀይርለታለን። ስልካችን ሳይሞት ቻርጅ እናደርገዋለን። ቤታችሁ ያለችው ሠራተኛስ? ለመጨረሻ ጊዜ ያረፈችው መቼ ነው? እናቷ በሕይወት አሉ? ስማቸውን ታውቃላችሁ?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ጠይቋት። ነገ አትበሉ። እናንተ ነገ ስትሉ፣ አንዲት እናት አንድ ደጃፍ ላይ ኮቴ እያዳመጡ ነው፤ ጥፍራቸውም እያደገ ነው።